ሁለት ግራ እጅጌ

ቶርኪል የሞተው በጥቅምት ነው። ልብሶቹ እስካሁን ከቁም ሳጥኑ አልወጡም፤ አንዱን ብቻ ለሰው ሰጥቻለሁ። ስለዚያ አንዱ ነው የምጽፈው።

ባሌ ሸማኔ ነበር። እዚህ ሉዊስ ደሴት ላይ፣ በእኛ መንደር፣ ያኔ ከወንዶቹ ግማሾቹ ሸማኔዎች ነበሩ። ከየቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ የተሠራች ክፍል አለች፤ እዚያ ውስጥ ማሽኑን በእግራቸው እየረገጡ ሱፍ ይሸምናሉ። ዳቦ ስጋግር፣ ልብስ ሳጥብ፣ ልጄን ሳስተኛ፣ የቶርኪል ማሽን ድምፅ ከጀርባዬ ተለይቶኝ አያውቅም። ድምፁ ቆመ ማለት ወይ ክር ተበጥሷል፣ ወይ ሻይ ፈልጓል።

እሱ ግን የሸመነውን ለብሶ አያውቅም ነበር። ክሩን ፋብሪካው ይልካል፣ ጨርቁን ፋብሪካው ይወስዳል። አርባ ዓመት ለሰው ኮት ሲሸምን ኖሮ እሱ ሰማያዊ ሹራቡን አልቀየረም።

በስልሳ ሰባት ዓመቱ ጉልበቱ እምቢ አለው። ማሽኑን ከመሸጡ በፊት በቆርቆሮ ጣሳዎች ያጠራቀማቸውን ትርፍራፊ ክሮች ሁሉ አወጣ። የረግረግ አፈር የሚመስል ቡናማ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ በመሃላቸው የምታልፍ አንዲት ቀጭን ቢጫ። ከእነሱ ባለካሬ ጨርቅ ሸመነ። ክሩ ሲያልቅ አምስት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ገንዳ ውስጥ በሙቅ ውሃ እያሸን አጠብነው፤ ሲደርቅ አጥፎ የምንበላበትና እኔ የምሰፋበት ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

«ኪርስቲን የምድራት ይሄን ለብሼ ነው» አለ።

ኪርስቲ አንድ ልጃችን ናት። ሰርጓ ስቶርናዌይ ከተማ ሊደረግ አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

«ባይደርስስ?» አልኩት።

«ባይደርስ በሹራቤ እገባለሁ።»

ቀልዱን አልነበረም። አውቀዋለሁ።

እህቱ ሙርዲና ወሬውን ሰምታ በማግስቱ መጣች። ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ጨርቁን በሁለት ጣቷ አነሳችውና በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

«ለከተማ ልብስ ሰፊ ስጡት። ዶሊና እኮ መጋረጃ ነው የምትሰፋው። አንተ ሰውዬ፣ በልጅህ ሰርግ መጋረጃ ልትለብስ ነው?»

«እንግዲህ መስኮት ሆኜ እቆማለሁ» አላት ቶርኪል።

ሳቅሁ፤ ግን ነገሩ ውስጤ ገባ። ያን ኮት ልብስ ሰፊ እንዲነካብኝ አልፈለግሁም። አርባ ዓመት እሱ ሲሠራ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ከእጁ የወጣውን ጨርቅ እኔ ልጨርሰው ፈለግሁ።

ባለካሬ ጨርቅ ላልሰፋ ሰው ችግሩ አይታየውም። ሌላውን ጨርቅ ሁለት አድርገህ አጥፈህ ግራና ቀኙን ባንድ ጊዜ ትቆርጣለህ። ባለካሬውን ግን እንዲያ ከቆረጥከው ከሥር ያለው መስመር ይሸሽብሃል፤ ደረቱ ላይ ያለው ከእጅጌው ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ስለዚህ ነጠላውን ትዘረጋለህ። የወረቀቱን ልክ አስቀምጠህ አንዱን ትቆርጣለህ፤ ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠህ፣ መስመር ከመስመር አጋጥመህ፣ ሁለተኛውን ትቆርጣለህ።

ገልብጠህ። እሷን አትርሳ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ጀርባውን፣ ሁለቱን ደረት፣ ኮሌታውን ቆርጬ ጨርሻለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ያችን ቢጫ መስመር ስከተል ዓይኔ ደክሟል። የመጀመሪያውን እጅጌ ቆረጥኩ። ሁለተኛውን ቢጫው ከቢጫው እስኪገጥም በስፒል ወጥሬ፣ ትንፋሼን ይዤ ቆረጥኩ። ደስ ብሎኝ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው።

ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ይታጠፋሉ። ሁለት ግራ እጅጌ።

የቀረውን ጨርቅ አገላበጥኩ። ለኪስ ክዳን ቢበቃ ነው። ቢጫ ክር በቤቱም በመንደሩም የለም፤ ማሽኑ ሐሙስ ዕለት ተሸጦ ሄዷል።

ቶርኪል በሩ ላይ ብቅ አለ። «ጨረስሽ?»

«ጨርሻለሁ» አልኩና ሁሉንም በአንሶላ ሸፈንኩት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የእሁዱን ውሃ ቀዳሁ፤ ድንቹንም ላጥኩ። እኛ ጋ በሰንበት መቀስ አይነሳም፤ መርፌም አይነካም። ስለ ሥራ ማውራት ራሱ ነውር ነው። ቅዳሜ ማታ አፌን ከፍቼ ብናገር የሚሆነውን አላውቅም። ፈራሁ፤ አልተናገርኩም።

ያን እሁድ አልረሳውም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሰባኪው ምን እንዳለ ዛሬም አላውቅም፤ እኔ የፊተኛው አግዳሚ ላይ የተቀመጡትን ወንዶች ትከሻ እያየሁ እጅጌ ስቆጥር ነበር። ቤት ስንገባ ጠረጴዛውን መልቀቅ ሥራ ስለሆነ የበግ ሾርባችንን ጭናችን ላይ አድርገን በላን። አንሶላ የለበሰው ጠረጴዛ መሃላችን እንደ አስከሬን ተጋድሟል። ቶርኪል አላየውም። እኔም አላየሁትም። ከሰዓት እንደገና ቤተ ክርስቲያን ሄደን ተመለስን።

ሰኞ ጠዋት እሳቱን ሳላያይዝ ነገርኩት።

«ቶርኪል፣ ጨርቅህን ገደልኩት።»

«አውቃለሁ» አለ ጫማውን እያሰረ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ሁለት ግራ እጅ ሠርተሽልኛል። ቅዳሜ ዶሮዎቹን ልትዘጊ ስትወጪ አንሶላውን ገለጥ አድርጌ አየሁት።»

«አይተህ ነው ዝም ያልከው?»

«ነግሬሽ ሰንበቱን ሙሉ ስታለቅሺ ልታሳልፊው? አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?»

«ያንተን ሰንበት ላለማበላሸት።»

ተያየን። ሳቁ መጀመሪያ ከማን እንደወጣ አላውቅም። እኔ ግን እየሳቅሁ አለቀስኩ።

እሱ ተነስቶ አንዱን እጅጌ ከአንሶላው ሥር ሳበው። ገለበጠው፤ ፊቱ ወደ ውስጥ፣ ጀርባው ወደ ውጭ ሆነ። ቀኝ ክንዱ ላይ ጣል አደረገው። ገጠመ። ካሬዎቹ ከሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ናቸው።

«ይኸው፣ ቀኝ ሆነ» አለ።

ሆነ። ግን እንዲህ ያለ ጨርቅ በፊቱ ሰያፍ መስመሮች አሉት፤ ወደ ቀኝ ይወጣሉ። በጀርባው ወደ ግራ ይወጣሉ። ሌላ ሰው አያየውም። ሸማኔ ከመንገድ ማዶ ያየዋል። ሰርጉ ላይ ደግሞ የአምስት መንደር ሸማኔ ይመጣል። ቶርኪል ራሱ አንዲት ክር ብትዛነፍ የግማሽ ቀን ሥራ የሚፈታ ሰው ነበር።

«ያዩታል» አልኩት።

 ጨርቁን በአውራ ጣቱ ሲያሻሸው ቆየ። ቀላል እንዳልሆነለት ፊቱ ላይ አየሁ።

«ሹራብህ ይሻላል፣ ቶርኪል። አልቀየምም።»

«ሹራቤን አንቺ አልሰፋሽውም» አለና እጅጌውን መለሰልኝ።

ሦስት ሳምንት ሰፋሁ። እጅጌውን ትከሻው ላይ ለማሳረፍ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ገጠምኩት። ገበሩን ከአሮጌ ሐር ቀሚሴ አወጣሁ። ሙርዲና መጥታ ኪሱን ጎተተች፣ ኮሌታውን ገለበጠች፣ የጎን መስመሮቹን በጥፍሯ ተከተለች። በመጨረሻ «መጋረጃ አይመስልም» አለች። ከሙርዲና አፍ ከዚህ በላይ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም።

በሰርጉ ቀን ቶርኪል ኪርስቲን በግራ ክንዱ ይዟት ገባ። እኔ ቀኝ ክንዱን ብቻ ነው ያየሁት። እስከ ሆቴሉ አዳራሽ ድረስ ማንም ምንም አላለም። እዚያ ግን ፊንሊ የሚባል የማዶ መንደር ሸማኔ ብርጭቆውን ይዞ መጣና ቆመ። ራሱን ዘንበል አደረገ። 

«ቶርኪል፣ እጅጌህ ተገልብጦ ተሰፍቷል እኮ።»

በዙሪያው የነበሩት ዘወር አሉ።

«አዎ» አለ ቶርኪል። «ዶሊና ናት የሰፋችው። ሁለት ግራ ቆርጣ ነበር። ያንተን ኮት ማን ሰፋው?»

«ከሱቅ ነው።»

«አየህ፣ ማን እንደሰፋው የሚነግርህ እንኳ የለም።»

ፊንሊ በሳቅ ሻምፓኙን ኮቱ ላይ ደፋው። ከዚያ በኋላ ቶርኪል አላረፈም። ሸማኔ ባየ ቁጥር ሁለት ክንዱን ዘርግቶ «ጉዱን ፈልግ!» ይላል። ያገኘው ትከሻውን ይመታዋል፣ ያላገኘውን «ዓይንህን አስመርምር» ይለዋል። ሊደብቀው ይችል ነበር፤ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ መዋል ይበቃው ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለበሰው።

አሁን መንደሩ ጸጥ ብሏል። ፊንሊም የለም። ባለፈው ወር የኪርስቲ ባል ኢወን ሲመጣ ኮቱን አውጥቼ ሰጠሁት። የግላስጎው ልጅ ነው፤ ስለ ሽመና የሚያውቀው ነገር የለም። ልክ ሆነለት። መስታወት ፊት ቆሞ ዞር ዞር አለ።

«እማማ፣ ቀኝ እጅጌው ትንሽ ይለያል ወይስ መብራቱ ነው?»

ወንበር ሳብኩለት።

«ወደ መስኮቱ ጠጋ በል» አልኩት። «ቁጭ በል፣ ላሳይህ።»