ነጥብ ያለው ሰዓት

ሮዝቪታ በፋብሪካው ወጥ ቤት ድንች ስትልጥ ነው የሥራ ባልደረባዋ ሃነሎረ አጠገቧ ቁጭ ብላ ወሬውን ያወረደችባት። ትናንት ወንዙ ዳር ባለው ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል ልጆች ሰዓት እንዲስሉ ታዘዋል። የግድግዳ ሰዓት አይደለም፤ ከዜና በፊት ቴሌቪዥን ላይ የሚታየውን ነው። የእነሱ፣ የምሥራቁ ዜና ሰዓት ዙሪያውን ሰረዝ ነው፤ የማዶው፣ የምዕራቡ፣ ነጥብ። የማዶውን ማየት ክልክል ስለሆነ፣ ነጥብ የሳለ ልጅ ሳያውቀው አባቱን አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ዛሬ ተራው የልጅሽ የአንትየ ትምህርት ቤት ነው አለቻትና ሃነሎረ ባልዲዋን አንስታ ሄደች። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ነግሮ ቅልል ብሎት ሲሄድ ያናድዳል።

ሮዝቪታ ቢላውን አስቀመጠች። ባሏ ኤክሃርድ የማግደቡርግ ከተማ ትራም ሹፌር ነው። በርሊን ላይ ግንቡ የቆመ ሰሞን፣ ባለፈው መስከረም፣ አለቆቹ ሹፌሮቹን ሰብስበው የማዶውን ጣቢያ ዳግመኛ አላይም የሚል ወረቀት አስፈርመዋቸዋል። ኤክሃርድም እንደ ሁሉም ሰው ፈረመ። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ጣሪያው ላይ የነበረውን አንቴና አወረደና ከጣሪያው ሥር፣ አሮጌ ዕቃ በሚከማችበት ክፍል ውስጥ መልሶ ተከለው። ሮዝቪታ ካልሲና ፎጣ ትዘረጋበታለች፤ ለሚያየው ሰው የልብስ ማስጫ ነው። አብሮት የፈረመ አንድ ባልደረባው ግን ቃሉን ሲያፈርስ ተገኝቶ ከየካቲት ጀምሮ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ይቆፍራል። ሚስቱ ስለ እሱ ስትጠየቅ መሬት መሬቱን ታያለች።

አንትየ ግን የማዶውን ዜና አታይም ነበር። ዜናው ሳይጀምር አልጋዋ ውስጥ ትከተታለች፤ ባልና ሚስቱ በዚህ እርግጠኞች ነበሩ። አሁን ግን ሮዝቪታ ባለፈው ሳምንት በሳሎኑ የመስተዋት በር ሥር ያገኘችው የልጅ ነጠላ ጫማ ትዝ አላት። ያኔ አንስታ ወደ ቦታው መልሳው ነበር። ልጅቷ ለካ ስንት ማታ እዚያ ቆማለች።

ጥርሴን አሞኛል ብላ ከአለቃዋ ፈቃድ ለመነች። አለቃዋ የትኛው ጥርስሽ ነው ስትላት ግራ ጉንጯን ያዘች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ቀኙን። ምሳ ሳያልቅ ንቅንቅ የለም ተባለች። ሾርባው ውስጥ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመረች፤ ሠራተኛው ሁሉ ተነጫነጨ፤ እሷ አልሰማችም። ምሳው እንዳለቀ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ብስክሌቷ ላይ ወጣች።

ልጆቹ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ይራወጣሉ፤ ክፍሉ ባዶ ነው። ሥዕሎቹ በሲባጎ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለዋል። የአንትየን ወዲያው አወቀችው፤ ሰማያዊ ሰዓት፣ ዙሪያውን አሥራ ሁለት ወፋፍራም ነጥብ። የልጆቹን ጠረጴዛ ተደገፈች። ከዚያ ዓይኗ ወደሚቀጥለው ሄደ። እሱም ነጥብ ነው። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። አሥራ ስምንቱም ሥዕል ነጥብ ነው።

"ልጅሽ አፏ አያርፍም" አሉ ከኋላዋ የአንትየ መምህር ወይዘሮ ታይሽማን። ጦርነቱ ባበቃ ጊዜ፣ መስኮቱ ሁሉ በረገፈበት ክፍል ውስጥ፣ በብርድ የደነዘዘ እጇን ይዘው ሮዝቪታን ራሷን ጽሕፈት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

"ምን አለች?"

"ገና ጠይቄ ሳልጨርስ፣ የእኛ ቤቱ ነጥብ ነው አለች። ሌሎቹ ዝም አሉ፤ እነሱ ቤታቸው ተመክረዋል። እኔም አዎ፣ እንደዚህ ነው ብዬ ሰሌዳው ላይ ነጥብ ያለው ሰዓት ሳልኩና ሁላችሁም ይህንን ገልብጡ አልኳቸው። መምህሯ የሳለችውን የገለበጠ ልጅ ምን ተብሎ ይጠየቃል?"

"እርስዎስ?"

ወይዘሮ ታይሽማን ሰሌዳው ላይ የቀረውን ጠመኔ በእጅጌያቸው ጠረጉ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው።

"ወረቀት ይዘው ይመጣሉ" አሉ። "ያን ጊዜ እንዳትጃጃይ። ፈርሚ።"

ሮዝቪታ እጃቸውን ጨበጠች። ልጇን ይዛ ወጣች። ያን ማታ ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም፤ ኤክሃርድ አንቴናውን ፈታቶ በምድጃው ጀርባ ደበቀው። ሁለቱም በደረጃው ላይ የእግር ኮቴ በሰሙ ቁጥር ወሬያቸውን ያቋርጡ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወላጆች ተጠሩ። ኤክሃርድ ሥራ ላይ ስለነበር ሮዝቪታ ብቻዋን ሄደች። ሲባጎው ተነሥቷል፤ ወይዘሮ ታይሽማንም የሉም። ትልልቅ ሰዎች በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣው ሰው ድምፁ ለስላሳ ነው። መምህሯ ለሕፃናት የጠላትን ሰዓት አስተምራለች፤ እኛ ወላጆች ዳግመኛ በልጆቻችን ፊት እንዳትቆም እንጠይቃለን የሚል ወረቀት አነበበና እስክሪብቶውን ከፊተኛው ረድፍ አስጀመረ። አንዳንዱ ሳያይ ፈረመ። አንዱ አባት አሳለው፤ ሳሉ ሲያልፍለት እሱም ፈረመ።

ወረቀቱ ሮዝቪታ ጋ ሲደርስ ሰውየው አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

"የአንትየ እናት ነዎት አይደል? ንግግር የምትወድ ልጅ ናት ይባላል።"

ሮዝቪታ ከሰል ጉድጓዱን አሰበች፤ መሬት መሬቱን የምታየውን ሴትዮም አሰበች። ፈርሚ ብለውኛል፣ ራሳቸው ናቸው ፈርሚ ያሉኝ ብላ በልቧ ደጋገመችው። ምንም አላቀለላትም፤ አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ከዚያ ሙሉ ስሟን ቀስ አድርጋ፣ ድሮ በዚያ በቀዘቀዘ ክፍል እንደተማረችው፣ ክብ ክብ አድርጋ ጻፈች።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየው።

"እንዴት ያምራል ጽሕፈትዎ" አላት። "ማን ነው ያስተማረዎት?"

"ረሳሁት" አለች ሮዝቪታ፤ ወረቀቱንም ለሚቀጥለው ሰው አሳለፈች።