መልስ ያልሰጠው አውሮፕላን

ሰውዬው ራሱን «ካፒቴን» ብሎ ነው የሚጠራው። ትከሻው ላይ አራት የወርቅ መስመር ለጥፏል፤ ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽሩን አያወልቅም። በዕድሜው ከመሬት ከፍ ያለበት ነገር ቢኖር አሳንሰር ነው። እኔ የማውቀው ፍራሽ ሲሸጥ ነው፤ እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ። «ዕድሜ ልክዎን ይተኙበታል» ብሎ የሸጠልኝ ፍራሽ ዓመት ሳይሞላው መሀሉ ጎድጉዶ ጎኔን ሲያሳምመኝ ኖሯል። አሁን ፍራሾቹን አስወጥቶ ኮምፒውተሮች አስገብቶ፣ የተዋጊ ጄት ሲሙሌተር ከፍቻለሁ ይላል። አዳራሹ ግን ዛሬም ስፖንጅ ስፖንጅ ይሸታል።

ለዚህ ሰው ነው እንግዲህ ልጄ ልትቀጠር የሄደችው።

ከኮሌጅ ከወጣች ጀምሮ ያላንኳኳችው በር የለም። ማታ ማታ ደግሞ ክፍሏ ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተጎንብሳ ጄት ታበራለች። እኔ ደግሞ በየተራ የሚሆነውን ሁሉ አስቤላታለሁ፦ ዓይኗ ይጠፋል፣ አንገቷ ይጎብጣል፣ ሶኬቱ ይነድና ቤቱ ይቃጠላል፣ አንድ ቀን ወታደሮች መጥተው «በጣም ጎበዝ ናት አሉን» ብለው ይወስዷታል። ይሄ የካፒቴኑ ሥራ አልሆን ያለ እንደሆነ አክስቷ ጋ ሄዳ የጨርቅ ሱቅ ልትጠብቅላት ተስማምተናል። አክስቷን የሚያውቅ ሰው ልጄ ለምን ይሄን ሥራ እንደዚያ እንደፈለገችው አይጠይቀኝም። እኔም ፈልጌላታለሁ። ፈልጌላት ግን ብቻዋን አልላክኳትም፤ ጥቁር መነጽር ካደረገ ሰው ጋር ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ምን እንደሚገጥማት ማን ያውቃል?

«እማማ፣ እርስዎ እዚህ ጋ አረፍ ይበሉ» አለኝ ካፒቴኑ። እማማ! በዕድሜ ቢበልጠኝ እንጂ አያንስም።

የአዳራሹ ምርቃት ቀን ነበር። የሕንፃው ባለቤት ከባለቤታቸውና ከአማቾቻቸው ጋር መጥተዋል። ካፒቴኑ ሁለተኛውን ፎቅም እንዲያከራዩት ስለፈለገ በዙሪያቸው ሲሽከረከር ለማየት ያሳፍር ነበር። ወንበር ሲስብላቸው፣ የሌለ አቧራ ሲያራግፍላቸው፣ «ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ዓይነት ትከሻ ያለው ሰው አብራሪ ሆኖ መወለድ ነበረበት» ሲላቸው። ጋሼ የሚባሉት ሰውዬ ደግሞ ሆዳቸውን ይዘው እውነት መስሏቸው ይስቃሉ።

ወደ ልጄ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፈተናሽ ዛሬ ነው። እኔ ከፊት ሆኜ አበራለሁ፤ አንቺ ከኋላዬ ራዳሩን ትይዣለሽ። ጋሼ ፊት ካሳፈርሽኝ መንገዱን ታውቂዋለሽ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጣውላ የተሠሩ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ ውስጣቸው ወንበር፣ ስክሪን፣ ዘንግና ቁጥር ስፍር የሌለው ቁልፍ ነው። አንደኛው ሁለት ሰው ይይዛል፤ እሱ የካፒቴኑና የልጄ ነው። ሁለተኛው ለብቻ ነው፤ እሱ የጋሼ ነው። ሁለቱ አውሮፕላኖች ወዳጅ ናቸው፤ ጠላት የሚሆነው ኮምፒውተሩ ነው። ውስጥ የሚነጋገሩት ሁሉ እንግዶች እንዲሰሙት በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። ይሄንን ካፒቴኑ ራሱ ነው ያዘዘው፤ ድምፁን በጣም ይወደዋል።

ልጄ ማዳመጫዋን አድርጋ ገብታለች። ጋሼ ግን ገና ከመቀመጣቸው፣ «ምንድነው ይሄ ጆሮዬ ላይ ጢት ጢት የሚለው?» ብለው ተቆጡ። እሳቸው አጠገብ ስለነበርኩ አይቻለሁ። ካፒቴኑ ሮጦ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ አንዲት ማብሪያ ቀጭ አድርጎ አጠፋት። «ምንም አይደለች ጋሼ። ጀግና እንዲህ ያለ ነገር አይረብሸውም።» ያቺ ማብሪያ ምን እንደሆነች በኋላ ልጄ ነገረችኝ። አንዱ አውሮፕላን ሌላውን በራዳር «ማነህ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ «ወዳጅ ነኝ» ብላ የምትመልሰው እሷ ናት። እንግዲህ ፍራሽ ነጋዴው የክብር እንግዳውን አፍ ለጉሞ ወደ ጦርነት ላካቸው።

ተነሡ። ትልቁ ስክሪን ላይ ሰማዩ፣ ተራራው፣ ባሕሩ መጣ። ካፒቴኑ «ሁሉም ዝግጁ! ሁሉም ንቁ!» እያለ ይለፈልፋል። የልጄ ድምፅ ግን ዳቦ ቤት ሄዳ ዳቦ እንደምትጠይቅ ሰው ድምፅ ነው።

«ሁለት ነገር አያለሁ» አለች። «አንዱ ሩቅ ነው፤ ከፍ ብሎ እየፈጠነ ይመጣል። ሌላው ቅርብ ነው፤ ዝቅ ብሎ ቀስ እያለ ይሄዳል።»

«ቅርቡን ቆልፊ!»

መቆለፍ ማለት ራዳሩ ሌላውን ሁሉ ትቶ ያንን አንዱን ብቻ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ከተያዘ በኋላ ሚሳይሉ ተከትሎት ይሄዳል።

«ጠይቄዋለሁ፤ አልመለሰልኝም።»

«አልመለሰም? ያልመለሰ ጠላት ነው!»

«ያልመለሰ ያልታወቀ ነው፣ ካፒቴን። እናቴም ስልኳን ካላነሳሁ ሞታለች ብላ ታለቅሳለች፤ እኔ ግን ሻወር ቤት ነኝ።»

አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሥራ ልትይዝ ሄዳ እኔን መሳቂያ ታደርገኛለች!

«አንቺ ልጅ፣ ፈተና ላይ ነሽ! ቆልፊ አልኩሽ!»

«ጋሼ በቀኛችን መሆን ነበረባቸው፤ በቀኛችን የሉም። ይሄኛውን ይዩት እስቲ። አንዴ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ አንዴ ወደ ላይ ይወጣና መልሶ ይወርዳል። እንደ ሰከረ ሰው ነው የሚሄደው። ኮምፒውተር እንዲህ አያበርም። ጋሼ ናቸው።»

አሁን ማንም አልሳቀም። የጋሼ ባለቤት አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። በቃ፣ ጨርቅ ስትለካ ታየችኝ።

«አትቆልፊም?»

«አልቆልፍም። ሩቁን ልያዝልዎት? ጠላት እሱ ነው፤ እየቀረበን ነው።»

«እኔ ከፊትም መቆለፊያ አለኝ!» አለ ካፒቴኑ። እውነቱን ነው፤ ለካ ከፊት ወንበር አንድ ቁልፍ አለ፤ ለቅርብ ውጊያ የተሠራ፣ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ሁሉ ማነህ ሳይል የሚይዝ። ካፒቴኑ ከዚያ ሁሉ ቁልፍ የሚያውቀው ያንን ብቻ ይመስለኛል። ተጫነው።

ወዲያው ከሌላው ሳጥን የጋሼ ድምፅ መጣ። «ምንድነው የሚጮኸው? ኧረ ጆሮዬን! ካፒቴን! የሚጮኸው ምንድነው?»

«እሳቸው ናቸው፤ ሲቆለፍባቸው የሚጮኸውን ማስጠንቀቂያ እየሰሙ ነው! ይልቀቁት!» አለች ልጄ።

ካፒቴኑ ግን የራሱን ጩኸት እንጂ የሰው አይሰማም። ሚሳይሉ ወጣ። «ጣልኩት! እናቴ ትሙት ጣልኩት!» ሲል፣ ትልቁ ስክሪን ላይ የጋሼ አውሮፕላን በእሳት ተበታትኖ ባሕሩ ላይ ሲረግፍ አየን። ከሥሩ በቀይ «ወዳጅ ተመቷል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ጥቂት ቆይቶ ያ ሩቅ የነበረው እውነተኛው ጠላት ደርሶ ካፒቴኑንም አቃጠለው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ከዚያ ልጄም አብራው እንደተቃጠለች ትዝ ሲለኝ መልሼ ደነገጥኩ።

ካፒቴኑ ከሳጥኑ ሲወጣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር። ገና እግሩ መሬት ሳይነካ ጣቱን ልጄ ላይ ቀሰረ። «ራዳሩን የያዘችው እሷ ናት! ጀማሪ ናት ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉላት!»

ከደቂቃ በፊት ሁሉንም በድምፅ ማጉያ አሰምቷል እኮ! ጆሮ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ አፍ ያለው ግን አልተገኘም። አማቾቹ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ጋሼ ደግሞ በላብ ተጠምቀው ከሳጥናቸው ሲወጡ ማን ገደለኝ ብለው ጠየቁ? አልጠየቁም።

«እንደ ሰከረ ሰው ያለችኝ የትኛዋ ናት?» አሉ።

ካፒቴኑ የልጄን ክርን ይዞ ወደ እኔ ጥግ ጎተታት። «ስሚኝ። ሂጂና የቆለፍኩት እኔ ነኝ በያቸው። ደግሞ ሲያበሩ ወደር የላቸውም በይ። ከነገ ጀምሮ ሥራሽን ያዢ። ካልሆነ ደህና ሁኚ።»

ልጄ እኔን አየችኝ። እኔም ጎኗን ቆነጠጥኩ። «በይ ሁለት ቃል ናት፤ ብለሽ ገላገይኝ» አልኳት።

«እማዬ፣ እኔ አላደረግኩትም እኮ!»

«አውቃለሁ አላደረግሽውም። ብትዪው ምን ትሆኛለሽ? ምላስሽ ይቆረጣል? አክስትሽ ጋ ሄደሽ ክንድሽ እስኪዝል ጨርቅ ልትለኪ ነው?»

ሄዳ ጋሼ ፊት ቆመች። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጆሮዬን ግን መድፈን አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ሰከሩ ማለቴ አይደለም፤ ላበዛሁት ይቅርታ» አለች። «ግን ያወቅኩዎት በአበራረርዎ ነው። ስላወቅኩዎት ነው ያልቆለፍኩብዎት። ጎበዝ አብራሪ ቢሆኑ ኖሮ ጠላት መስለውኝ እኔ ራሴ እገድልዎት ነበር።»

አለቀ፣ አልኩ በልቤ። ሻንጣዋን የት እንዳስቀመጥኩት ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ጋሼ የግንባራቸውን ላብ ጠረጉ። «የተረፍኩት ስለማልችል ነው እያልሽኝ ነው?»

«ከእኔ እጅ፣ አዎ። ከካፒቴን እጅ ግን ችሎታም አለመቻልም አላዳነዎትም።»

መጀመሪያ ያመለጣቸው ሳቅ የባለቤታቸው ነበር። እትዬ ከሆዳቸው ነው የሳቁት፤ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «እኔስ መኪና መንዳት ከጀመርክ አንስቶ ስነግርህ አልነበር?» አሏቸው። ያኔ አማቾቹም አፍ አወጡ። ጋሼ ፊታቸው በርበሬ መሰለ፤ ከዚያ ሳይወዱ በግዳቸው ፈገግ አሉ።

«እንደገና እንሂድ» አሉ። «ይቺ ልጅ ከኔ ኋላ ትቀመጥ። አንተ እዚያኛው ውስጥ ግባ፣ ብቻህን።»

«እንዴታ ጋሼ!» አለ ካፒቴኑ፤ ፊቱ ላይ ቅንጣት እፍረት የለም። «እኔም ከሁሉ መርጬ ያመጣኋት እሷን እኮ ነው! ከነገ ጀምሮ ሠራተኛችን ናት!»

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉ እትዬ።

ልጄ ከመግባቷ በፊት ጋሼ ቅድም ወደነበሩበት ሳጥን ሄዳ ጎንበስ ብላ ያቺን ማብሪያ አገኘቻት። «ይሄን ያጠፋው ማነው?» ስትል ካፒቴኑ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አበራቻት፤ «ጢት ጢት ካለ ሰው ጠይቆዎት ነው፤ ይተዉት ይመልስ» አለቻቸው ለጋሼ፤ ቀጥላ ለካፒቴኑም ቁልፎቹን አንድ በአንድ አስነካችው። ባለ አራት መስመሩ ሰውዬ «እህ፣ እህ» እያለ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ይከተላታል። ደስ አለኝ ልል ስል፣ ነገ ከነገ ወዲያ በየቀኑ ከዚህ ሰው ጋር ልትውል እንደሆነ ታሰበኝና ደስታዬ ተበላሸ።

ተነሡ። ጋሼ እንደ ቅድሙ ያዘነብላሉ፤ እሷ ከኋላ «ቀስ ይበሉ፣ አፍንጫውን ዝቅ፣ እንደዚያ» ትላቸዋለች። ብዙም ሳይቆይ፣ «ከፊታችን አንድ አለ» አለች።

«እሱ ነው?» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው በአንዴ ጎረምሳ ሆነ። «ካፒቴኑ ነው? ቆልፊልኝ!»

«ጠይቄዋለሁ። ወዳጅ ነኝ ብሏል።»

«ቆልፊ ነው ያልኩሽ!»

ሥራዋ ገና ሰዓት እንኳን አልሞላውም፤ አሁን ደግሞ የሕንፃውን ባለቤት እምቢ ልትል ነው። አውቃታለሁ፤ ትላለች።

«ወዳጅ ላይ አልቆልፍም ጋሼ።»

ጋሼ ቁና ቁና ሲተነፍሱ በድምፅ ማጉያው ይሰማል።

«ማነው ወዳጅ ነው የሚለው?» አሉ በመጨረሻ።

«ማሽኑ።»

«ይሁን እንግዲህ» አሉ ጋሼ ቅር እያላቸው፤ አውሮፕላኑንም እያንገዳገዱ ወደ ሌላ አዞሩት።

«ስለዚህ ሰው ማሽን ምን ያውቃል!» አልኩ እኔ ከወንበሬ። እትዬ ሰምተውኝ ኖሮ እንደገና ሳቁ፤ እኔ ግን የምሬን ነበር።