የተቀባው ዶላር

«ይሄ ቀለም ውሸት ነው» አለ ኧርቪን ታውብ።

ከብር የተሠራውን የድሮ ዶላር ሳንቲም በሁለት ጣቱ ጠርዙን ይዞ ወደ መስኮቱ ያዘነብለዋል፣ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ያዘነብለዋል። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ኬኩን እንደያዘ ቀረ። ሰው በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ያውም በሟቹ ሳሎን፣ እንዲህ ይባላል? ግን ኧርቪን ነው። ኧርቪን ሠርግ ቤት ሄዶ የሙሽራዋን ቀለበት በማጉያ መነፅር ያየ ሰው ነው።

ናዲን በአይሁድ ልማድ ሐዘንተኛ ሰባት ቀን ከሚቀመጥበት አጭር ወንበር ላይ ሆና ቀና አለች። ሳንቲሙን የሰጠችው ራሷ ናት። የአባቷ የሴይመር ሳንቲሞች በሙሉ አልበም ውስጥ ተሰድረው ሳለ ይሄ አንዱ ብቻ ከራስጌው መሳቢያ ተገኘ። የአባቷ የዕድሜ ልክ ጓደኛ ኧርቪን ምክንያቱን ያውቅ ይሆናል ብላ ነበር።

«ምን ማለትዎ ነው አጎቴ ኧርቪን?»

«ነይ እዪ። ዳር ዳሩ ወርቅማ፣ ገባ ሲል ሐምራዊ፣ መሀሉ ሰማያዊ። ያምራል አይደል? ብር በራሱ ጊዜ እንዲህ እስኪሆን ሃምሳ ዓመት ይፈጅበታል። አሁን ከቀለሙ ሥር እዪ። ጭረት! የጭረት መዓት! አንዱ ጨካኝ ፈትጎታል፣ ሌላው ደግሞ ቀለም አልብሶ ደብቆታል።»

«ቫርኒሽ ይሆናላ» አለች ዶሎረስ፣ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበሩ ጸሐፊ። «ድሮ እንዳይጠቁር እያሉ ይቀቡት አልነበር እንዴ?»

ኧርቪን ከኮት ኪሱ ቀለም የሚያስለቅቅ ትንሽ የአሴቶን ጠርሙስ አወጣ። አሴቶን ይዞ ለቅሶ የሚደርስ ሰው በፒትስበርግ ከተማ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጥጥ ነክሮ ጠርዙን ነካ ነካ አደረገና ጥጡን ለሁሉም አሳየ። ነጭ ነው።

«ቫርኒሽ ቢሆን ይለቅ ነበር። ይሄ ድኝ ነው፣ ብሩን ራሱን የያዘ ድኝ። ድኙ የእንቁላል ነው፤ ሳንቲሙን ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ከረጢት ውስጥ ከተውታል።» ጠርሙሱን ከደነ። «ሴይመር ወንድሜን ያባረረው በዚሁ ነው።»

ዶላሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ባርኔጣውን አነሳ፣ ሄደ።

ሴይመር ግላንዝ ትራም ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ማኅበሩን ሠላሳ ዓመት የመራ ሰው ነበር። «ሳንቲም አይታጠብም፣ ፊትህን ታጠብ!» ይላል ያጠበ ሰው ሲመጣበት። ሳቁ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። የማንም ልጅ ቢሆን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ማጉያውን ያውሰዋል። በማጭበርበር ጉዳይ ግን ቀልድ የለም። የኧርቪን ወንድም ሊዮን በእንቁላል የቀባውን ሳንቲም «የተፈጥሮ ነው» ብሎ ለአንዲት ባሏ ለሞተባት ሴት ሲሸጥ፣ ሴይመር ስብሰባ መሀል ተነስቶ «ሊዮን ከእንግዲህ ከእኛ ጋር አይቀመጥም» አለ። ኧርቪን ያን ቀን አንገቱን ደፋ። ውርደቱን የዋጠው የሴይመር እጅ ንጹሕ ነው ብሎ ነው።

ናዲን ማታ እናቷን ፔርልን ወጥ ቤት አገኘቻት።

«እማ፣ አባዬ አጭበርባሪ ነበር?»

ፔርል ሳህን ማድረቋን አላቆመችም። «ኧርቪን ይምጣና ለሁለታችሁም አንዴ እናገራለሁ። ሁለት ጊዜ ለማልቀስ አቅም የለኝም።»

«ባይመጣስ?»

«ይመጣል። የት አባቱ ይሄዳል? ከዚህ ቤት ሌላ የሚያኮርፍበት ቤት የለውም።»

በአራተኛው ቀን አልመጣም። በአምስተኛውም አልመጣም። ሰው እየገባ «እንደ ሴይመር ያለ ቀጥተኛ ሰው የት ይገኛል» ባለ ቁጥር ናዲን ዐይኗን ምንጣፉ ላይ ትተክላለች። አባቷን ትወደዋለች፣ በጣም ትወደዋለች፣ ግን ማንን እንደምትወድ ግራ ገባት። ይሄ ከሞቱ ይልቅ አንገበገባት።

በስድስተኛው ቀን ኧርቪን በጢስ የደረቀ ዓሣ በወረቀት ጠቅልሎ በሩ ላይ ቆመ። «ዓሣው እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አለ።

«ቁጭ በል» አለችው ፔርል። «ናዲን፣ ስምንት ዓመትሽ ነበር። የአባትሽ ልደት ነው። ካሉት ሳንቲሞች በጣም የሚወደውን ዶላር በድስት መፈተጊያ ዱቄት ፈትገሽ፣ እንደ መስታወት አብለጭልጨሽ፣ ሪባን አስረሽ ሰጠሽው።»

«አስታውሳለሁ። ጣራ እስኪነካ ወደ ላይ ወረወረኝ። ‹እንዲህ የሚያበራ ስጦታ ተሰጥቶኝ አያውቅም› አለኝ።»

«አዎ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገባ፣ ውኃውን ከፈተና አለቀሰ።» ፔርል ዐይኗን በመሀረብ ጠረገች። «ለማኅበሩ የልጆች ኤግዚቢሽን እኔ ራሴ ይዤው ካልሄድኩ ብለሽ አስቸገርሽ። ‹ኧርቪን ልጄ ፊት፣ ይሄን ማነው የገደለው? ብሎ ይጮኻል› አለኝ አባትሽ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቁላል ሲቀቅል፣ ሲቀያይር ከረመ። ቤቱ ገማ! አንቺ ይዘሽው ሄድሽ። ማነው ያመሰገነሽ መሰለሽ? ይሄ ሽማግሌ! ‹ወይ ቀለም! ወይ ውበት!› እያለ።»

«እኔ?» አለ ኧርቪን።

«አንተ! ያኔ ማጉያህ የት ነበር?»

ኧርቪን ሳቅም ሳልም ያልሆነ ድምፅ አወጣ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። «ሊዮንስ?»

«ሊዮን ሸጠ። ሴይመር ለማንም አልሸጠም፣ ከዚያ የልጆች ኤግዚቢሽን ወዲህም ዳኛ ሆኖ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ጠይቀኸው ነበር?»

ናዲን በሁለት እጇ አፏን ይዛ ታለቅስ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ስለዚያ ስጦታ ስትኮራ ኖራለች፤ እሱም አንድም ቀን ሳያስቀይማት ሞተ።

ፔርል የሳንቲሙን ትንሽ የወረቀት ፖስታ ከመሳቢያ አመጣች። ዘመኑና ሳንቲሙ የተሠራበት ከተማ በሴይመር ጥርት ያለ እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። «የገጽ ሁኔታ» ከሚለው ትይዩ ግን ባዶ ነው። ያን የሚያህል ሰው ውሸቱንም መጻፍ አልቻለም፣ እውነቱንም።

ኧርቪን እስክሪብቶ አወጣ። ለመላእክትም ቢሆን ቀለም የማያጸድቀው ኧርቪን «የተፈጥሮ ነው ብዬ እፈርምለታለሁ» አለ።

«አይሆንም አጎቴ። ውሸት ቢፈልግ ኖሮ እሱ ራሱ ይጽፈው ነበር።»

እስክሪብቶውን ተቀበለችውና «እኔ ፈተግኩት። አባቴ ገበናዬን ሸፈነልኝ» ብላ ጻፈች። ፈረመች።

በማኅበሩ ደንብ የአንድ ሳንቲም ብይን ያለ ሁለት ፊርማ አይጸናም። ኧርቪን ማጉያውን ከዐይኑ አውርዶ ከሥሯ ፈረመ። ከዚያ ፖስታውን ወደ አፉ አስጠግቶ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አለበት፣ ከደረቀም በኋላ እፍ አለበት።