በጭነት መኪና የመጣው ትምህርት ቤት

ትምህርት ቤቱ በጭነት መኪና ተጭኖ መጣ። እንደ ትልልቅ ሳጥን ያሉ የብረት ክፍሎች ናቸው፤ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም ተቀብተዋል። ክሬኑ አንድ በአንድ እያነሳ በሰፈራችን ጫፍ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ደረደራቸው።

እኛ ሮማዎች፣ በአውሮፓ የራሳችን ቋንቋ ያለን አናሳ ሕዝብ፣ የምንኖረው ከኦልሻቪና መንደር ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ ነው። የቧንቧ ውሃ የለንም፤ አስፋልቱም ድልድዩ ጋ ሲደርስ ያበቃል። እናም ማሞቂያና መጸዳጃ ያለው ትምህርት ቤት ደጃችን ድረስ ሲመጣ ያልተደሰተ አልነበረም። ልጄ ፓትሪክ በዚያ ብርድ መንደር ድረስ መመላለሱ ሊቀርለት ነው ብዬ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከንቲባ ሙራን ከዋና ከተማው አንዲት ሴት ይዞ መጣ። ሴትየዋ መንግሥት ሮማዎችን ከሌላው ሕዝብ ጋር ለማቀላቀል ስላወጣው ፖሊሲ ብዙ ተናገረች። አጨበጨብን። ጭብጨባው ሲያበቃ ዠልሚራ እጇን አነሳች። ዠልሚራ የባሌ እህት ናት። ባሏ ቼክ አገር ግንባታ ላይ ስለሚሠራ ልጇን ኒኮሌታን ብቻዋን ነው የምታሳድገው።

"አቶ ከንቲባ፣ የእርስዎ የልጅ ልጅም እዚህ ይማራል?"

ሰው ሳቀ። ከንቲባውም አብሮ ሳቀ።

"የኔ የልጅ ልጅ ቤቱ መንደር ውስጥ ነው። ሁሉም በየቅርቡ ቢማር አይሻልም?"

"የመንደሩ ትምህርት ቤት ለኛ ልጆች ተዘጋ ማለት ነዋ?"

"ማን ተዘጋ አለሽ? የተሻለ ተሠራላችሁ እንጂ!"

"የተማሪዎቹ አውቶቡስስ?"

"ትምህርት ቤቱ ደጃችሁ መጥቶ አውቶቡስ ምን ያደርግላችኋል?"

ሳቁ ቀዘቀዘ። ሴትየዋም ወደ ከንቲባው ዞር ብላ አየችው።

በማግስቱ አጎቴ ዴዚደር ዠልሚራ ቤት መጣ። ሰፈሩ ቃሉን የሚሰማው ሽማግሌ ነው። ለአዲሱ ትምህርት ቤት ዘበኝነት ታጭቷል፤ በዕድሜው የመጀመሪያው ቋሚ ሥራ ይሆንለታል። እኔና ዠልሚራ ድንች እየላጥን ነበር።

"አንቺ ልጅ፣" አለ ገና ሳይቀመጥ፣ "ዳቦ የተሰጠው ሰው እያገላበጠ ይመረምራል?"

"ሻግቶ ከሆነ አዎ፣ አጎቴ።"

"ምኑ ነው የሻገተው? ሙቀት አለው፣ ንጹሕ ነው፣ ልጆቹን እዚያ የሚሰድባቸውም የለ!"

ዠልሚራ ቢላዋዋን አስቀመጠች። "እኔ የት እንደተማርኩ ረሳኸው? ስድስት ዓመቴ ላይ ስዕል አሳይተው 'ይህ ምንድን ነው?' አሉኝ። በሮማኛ መለስኩ። አእምሮዋ ደካማ ነው ብለው የዘገምተኞች ትምህርት ቤት ከተቱኝ። እሱም ሙቀት ነበረው። ንጹሕም ነበር። የትምህርት ዘመኔን ሙሉ የትራስ ልብስ ስሰፋ ቆይቼ ማካፈል እንኳ ሳልችል ወጣሁ። እዚያ ማን ነበር አብሮኝ የተማረው? ሁሉም የኛው ልጆች።"

"እና ብቻሽን ምን ልታመጪ ነው?"

"ብቻዋን አይደለችም" አልኩ እኔ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ራሴም ደነገጥኩ። አጎቴ ዴዚደር ገላምጦኝ ወጣ።

ትምህርት በተጀመረበት ቀን ሁለታችን ልጆቻችንን ይዘን በእግር ወደ መንደሩ ሄድን። መኪኖች ውሃ እየረጩን አለፉ። ርዕሰ መምህሯ በር ላይ ተቀበለችን።

"የናንተ ልጆች የተመደቡት እዚያ ነው።"

"መዳቢው ማነው? እናቷ እኔ ነኝ" አለች ዠልሚራ። "ሕጉ ወላጅ ትምህርት ቤት ይመርጣል ይላል። ቦታ ከሌለ የለም በይኝና በጽሑፍ ስጪኝ።"

ርዕሰ መምህሯ በጽሑፍ አልሰጠችም። ከንቲባውን ልጠይቅ ብላ ገባች፤ ሳትመለስም ቀረች። እኛ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ዠልሚራ የፊደል መጽሐፍ አውጥታ ልጆቹን እዚያው ታስነብባቸው ጀመር። ቃል ሲጠፋት ኒኮሌታ ታርማታለች፤ እሷም አታፍርም፣ ደግማ ታነበዋለች። ደወሉ ሲደወል ሌሎቹ ልጆች ቆመው ያዩናል። አንዷ እናት አፍንጫዋን ይዛ አለፈች። እኔ ደሜ ፈላ።

"ተያት፣" አለችኝ ዠልሚራ፣ "ጉንፋን ይዟት ይሆናል።"

በማግስቱም ሄድን። በሳምንቱም። ዝናብ ሲሆን ልጆቹን በላስቲክ ጠቅልለን ሄድን። ዠልሚራ ከተማ ካሉ ጠበቆች ጋር ተገናኝታ አቤቱታችንን ለትምህርት ሚኒስቴሩ ያስገባችውም በዚያ ሰሞን ነው። ቤአታ የምትባል አስተማሪ በኮሪደሩ ባለፈች ቁጥር ታየን ነበርና አንድ ቀን ቆመች።

"ክፍሌ ውስጥ ባዶ ወንበሮች አሉ" አለች ለርዕሰ መምህሯ፣ እኛ እየሰማን። "እነዚህ ልጆች ኮሪደር ላይ ሲያነቡ እያየሁ ለሌሎቹ ንባብ ማስተማር አቃተኝ።"

ሁለቱን ልጆች አስገባቻቸው። ስማቸው በመዝገብ አልሰፈረም፤ ግን ተቀመጡ።

ሰፈር ውስጥ ግን ነገር ከረረ። "ራሷን እንደ ጋጆ ቆጠረች" እያሉ ዠልሚራን ያሟት ነበር፤ ሮማ ያልሆነውን ጋጆ ነው የምንለው። "ነገ ደግሞ ሰላምታችንን በጽሑፍ ስጡኝ ትለን ይሆናል" ይላሉ ወንዶቹ። ዠልሚራ ሰምታ ስቃ ታልፋለች። ቤቷ ስትገባ ግን አንድ ሁለቴ ስታለቅስ አግኝቻታለሁ። ታለቅስና ፊቷን ታጥባ ለነገ የኒኮሌታን ጫማ ምድጃው አጠገብ ታደርቃለች።

ሰፈሩን የቀየረችው የአጎቴ ዴዚደር የልጅ ልጅ ናት። ሦስተኛ ክፍል ነበረች። አዲሱ ትምህርት ቤት የሁሉንም ክፍል ልጆች በአንድ ላይ ያስተምር ነበርና አንድ ቀን አጎቴ ምን ተማርሽ ቢላት ጥንቸል የተቀባበት ወረቀት አሳየችው። በማግስቱም ጥንቸል። በሳምንቱም ያው ጥንቸል፣ ቀለሙ ብቻ ተለውጦ።

አንድ ጠዋት ልንወጣ ስንል አጎቴን ድልድዩ ላይ ቆሞ አገኘነው። የዘበኛ ጃኬቱን ለብሷል፤ የልጅቷን እጅ ይዟል። ከኋላው ሌሎች እናቶች ከነልጆቻቸው ተሰልፈዋል።

"ሥራህስ፣ አጎቴ?" አለችው ዠልሚራ።

"ሥራዬ? ሳጥን መጠበቅ ነው። ሳጥን የትም አይሄድም" አለና ጉሮሮውን ጠረገ። "በይ ቅደሚ፣ መንገዱን የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

ያን ሁሉ ሕዝብ ኮሪደሩ አልቻለውም። ርዕሰ መምህሯ ፖሊስ ጠራች፤ ፖሊሱም መጥቶ ልጅ ትምህርት ቤት ማምጣት ወንጀል እንዳልሆነ ነግሯት ሄደ። ከገና በፊት ከሚኒስቴሩ ተቆጣጣሪዎች መጡ፤ የብርዱ ወራት ሳያልቅም ልጆቻችን እንዲመዘገቡና አውቶቡሱ እንዲመለስ ውሳኔ ወጣ።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። አንዳንድ የመንደሩ ወላጆች ልጆቻቸውን አውጥተው ከተማ አስገቡ። ቤአታ ሻይ ስትጠጣ አብሯት የሚቀመጥ ባልደረባ አጣች። አጎቴ ዴዚደርም ዘበኝነቱን ተነጠቀ፤ "ጃኬቱን ግን አልመልስም" ብሎ እስከ ዛሬ ይለብሰዋል። ኒኮሌታ ክፍልፋይ ትሠራለች፤ ማታ ማታ ደግሞ እናቷን ታስተምራለች። ፓትሪክ አጠገቡ ከሚቀመጥ የመንደር ልጅ ጋር ተደባድቦ፣ ታርቆ፣ አሁን እልጁ ቤት ይጋበዛል።

በጸደይ ከንቲባው በመንደሩ አዳራሽ ስብሰባ ጠራ። ያቺ የዋና ከተማዋ ሴት ስለ ቀጣዩ ዕቅድ ልታወያይ መጥታለች። ከሰፈራችን የተጠራ አልነበረም። ዠልሚራ ቀይ ቀሚሷን ለብሳ እኔን አስከትላ ገባችና ወንበር ስባ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች።

"ይቅርታ፣ ተጋብዘዋል?" አለቻት ሴትየዋ።

"ስለኛ አይደል የምታወሩት?"

ከንቲባው ወረቀቶቹን ሰብሰብ አደረገ። ሴትየዋ ትንሽ አሰብ አደረገችና ብድግ ብላ ለእኔም ወንበር አመጣችልኝ።

"እሺ፣" አለች ዠልሚራ እጅጌዋን ሰብስባ፣ "ከቧንቧ ውሃው እንጀምር።"