ላልመጣችው ጭብጨባ

የዳንስ ቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ስለ አየር ብክለት ሥልጠና ከወሰደ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ተወዛዋዦቹም ሰልችቷቸው ጋሼ አየር ብለውት አረፉ።

ያን ቀን ወደ ልምምድ አዳራሹ የገባው እጁን እያፋተገ ነው። "ሸንበቆዬ፣ ደስ ይበልሽ! ዳንስሽ ባሕር ሊሻገር ነው።"

በቁመቷ የተነሳ ሸንበቆ የሚል ስም የወጣላት ተወዛዋዥ ላቧን እየጠረገች፣ "እውነት? መቼ ነው የምንሄደው?" አለች።

"አንቺማ አትሄጂም! ውበቱ እኮ እሱ ላይ ነው። አውሮፕላን ስንት ጭስ እንደሚተፋ ታውቂያለሽ? ዳንሱ ይሄዳል፣ ሰውየው ይቀራል። እዚያ ያለች ልጅ በኢንተርኔት እያየችሽ ታጠናዋለች።"

"እርስዎስ?"

"እኔ እንኳ ለዝግጅቱ ብቅ ብዬ እመለሳለሁ። ስላለመሄድ የሚያስረዳ ሰው መሄድ አለበት አይደል?"

ቀልድ መስሏት ልትስቅ ነበር። ፊቱን ስታየው ግን ሰውየው የምሩን ነው።

ዳንሱ "ቁልፍ" ይባላል፤ ያገኘችውም ከአባቷ ነው። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ልብስ ሲሰፋ ኖሮ ድንገት ደም ግፊት ጣለውና ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ። አፉም ስለተጣመመ ከእሷ በቀር ንግግሩን የሚረዳው የለም። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን በግራ እጁ ብቻ ይቆልፋል፤ ላግዝህ ያለው ሰው ወዮለት። ትከሻው ይቀድማል፣ አገጩ ኮሌታውን ይዞ ያቆያል፣ ጣቶቹ ቁልፉን ሊያስገቡ ሲሉ ያመልጣቸዋል፣ ከዚያ ተናዶ እንደገና ከላይ ይጀምራል። እሷ በር ላይ ቁጭ ብላ ይህን ትግል ስታይ ከረመች። ልሥራው ብላ ስታስፈቅደው፣ "ሥሪው፤ ግን እንዳታሳምሪው" አላት። የአባቷን ሸሚዝ ለብሳ አንድ ትልቅ መድረክ ላይ መቆም፣ ምኞቷ ይኸው ነበር።

"ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው" አላት ጋሼ አየር፣ ፊቷ ሲጠቁር አይቶ። "ከዚያ በኋላ አንቺ ካልፈቀድሽ ማንም አይነካውም። በእናቴ!"

እሺ አለች። እምቢ ብትል የቡድኑን እንጀራ ዘጋች ሊሏት ነው።

ያቺ ዳንሱን የምታጠናው ልጅ፣ ሸንበቆ ቅጂዬ የምትላት፣ ጎበዝ ናት፤ ሰውነቷ እንደ ላስቲክ ይሳባል። ችግሩ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ሁሉን ነገር እንደ መስታወት ገልብጣ ያዘችው። ሸንበቆ ግራዋን ስታነሳ እሷ ቀኟን ታነሳለች። ተይ፣ ግራ ነው ብትላት፣ ብታስተረጉም፣ "ቀኙ ለመብራቱ ይመቻል" የሚል መልስ መጣ። የአባቷ ቀኝ እጅ እኮ አልታዘዝ ያለው ነው!

ብዙም ሳይቆይ ደግሞ፣ "የዝግጅቱ ሰዎች ምንጩን ማየት ይፈልጋሉ" አለ ጋሼ አየር።

"የምን ምንጭ?"

"አባትሽን ነዋ።"

አፏ ያመጣላትን ነግራው ወጣች። ሰውየው ግን እሷ ልምምድ ላይ እያለች ብርቱካን አንጠልጥሎ ቤቷ ሄደ፣ አባቷን ሸሚዝ ሲቆልፍ በስልኩ ቀርጾ ላከ። አባቷ ለክብሩ ፎቶ የሚነሳ መስሎት ጸጉሩን አበጥሮ ነበር የጠበቀው። ይህን ስትሰማ ብርቱካኑን ከነፌስታሉ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተችው።

የዝግጅቱ ዕለት ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርገው፣ እሷም ለአዳራሹ እንድትታይ ካሜራውን ከፍተው፣ ከአባቷ ጋር ተቀመጡ። ቅጂዋ ወጣች። መጀመሪያ ትከሻው፣ ቀጥሎ አገጩ፣ ሁሉም አለ። ከዚያ ልጅቷ አፏን አጣመመችና ምራቋን ለቀቀችው። ምራቁ በመብራቱ እያብለጨለጨ ቀስ ብሎ ሸሚዙ ላይ ወረደ፤ ከአዳራሹም "እህ" የሚል የአድናቆት ድምፅ ተሰማ። ይህን ሸንበቆ አልሠራችውም። ጋሼ አየር ቀርጾ ከላከው ቪዲዮ ለቅመው ያወጡት ነው።

አባቷ ጉልበቱ ላይ የነበረችውን የአፉን መጥረጊያ ፎጣ ቀስ ብሎ ከበስተኋላው ወሸቃት።

"ላጥፋው እንዴ አባዬ?"

"ተይው" አለ በተጣመመው አፉ። ወደ ላፕቶፑ በአገጩ እያመለከተ፣ "ደህናውን እጄን ገደለችው እኮ" አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሼ አየር አዲስ ኮት ለብሶ ድምፅ ማጉያ ይዞ ብቅ አለ። የሸንበቆ ፊት ደግሞ የመድረኩን ግድግዳ አክሎ ከጀርባው ተዘረጋ። "ይህችን እህታችንን አመስግኑልኝ" አለ። "ባለመምጣቷ ከዚህ ሁሉ ጭስ አድናናለች!" ሰዉ ብድግ አለ። ስላልመጣች ቆመው አጨበጨቡላት። ሸንበቆ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር አስጠልቷት አያውቅም፤ ጭብጨባው ራሱ እላይዋ ላይ የተተፋ መሰላት።

"ዳንሱ ከዚህ በባቡር ወደ ሌሎች ከተሞች ይቀጥላል" አለ ጋሼ አየር፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ። "ሸንበቆዬ፣ ፈቅደሻል አይደል?"

"አይሆንም" አለች፣ ቃሉን ጥርት አድርጋ። "አልፈቀድኩም። እጁ ግራ ነው፣ ምራቁም የአባቴ ነው። በቃ!"

ጋሼ አየር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። አዳራሹ ከበፊቱ የባሰ አጨበጨበ።

"አልሰሙሽም" አለ አባቷ። የማይሰሙትን ሰዎች ፊት ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ስልኳን አንስታ ደወለች፤ ሰውየው ከመድረክ እንደወረደ አነሳው። ከበስተኋላው የሰዉ ጫጫታ ይሰማል።

"አይሆንም ነው ያልኩት!"

"ውይ! እንዳይረብሽ ብለን ድምፅሽን ዘግተነው ነበር እኮ።"

"እንግዲያው ይመለሱና ይንገሯቸው። በእናቴ ብለው ምለዋል።"

የእውነት የተቸገረ ነው የሚመስለው።

"ሸንበቆዬ፣ አሁን እንዴት ይሆናል?" አላት። "ሰዉ እኮ አጨብጭቧል።"