የሜርቪን ጸጥ ያሉ ቫልቮች

ባሌ ሜርቪን ዕድሜውን ሙሉ አውስትራሊያ ውስጥ ለከተማችን ለዎሎንጎንግ ሰው ቫልቭ ሲመርጥ ኖሯል። ቫልቭ የምላችሁ ያቺ በድሮ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ እንደ ፍም ቀልታ የምትታየው፣ አውራ ጣት የምታህል ብልቃጥ ናት። ዛሬም የሙዚቃ ሸክላውን በእሷ ካልሆነ አልሰማም የሚል ሰው አለ። ከሸክላው መርፌ የሚመጣው ድምፅ ከትንኝ ድምፅ የቀጠነ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ተቀብላ የምታጎላው ቫልቭ ራሷ ዝምተኛ መሆን አለባት። እሷ ካጉረመረመች ጉርምርምታዋም አብሮ ይጎላል። «ጥሩ ቫልቭ እንደ ጥሩ አማት ናት፤ ቤት ውስጥ ብትኖርም ድምጿ አይሰማም» ይል ነበር ሜርቪን፣ ያውም እናቴ ፊት።

ሥራው ብረት ፋብሪካ፣ የጋለ ብረት በሚዳመጥበት ክፍል ነበር። ገና ስንተዋወቅ ሌላው ወንድ ሴቷን ሲኒማ ሲጋብዝ፣ እሱ እኔን በባቡር ሲድኒ ይወስደኝ ነበር፤ ከጦሩ የተረፈ ዕቃ ወደሚሸጥባቸው ሱቆች። ቫልቮቹ በትንንሽ ካርቶን ሆነው እንደ ድንች ተቆልለው ይጠብቁናል። አንድ በአንድ እያነሳ በብርሃን ያያቸዋል፣ እግራቸውን በጣቱ ይዳብሳል፤ እኔ ደግሞ እሱን አያለሁ። ስንመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዓሣና ድንች እንበላለን። ሳጥኑ ጭኔ ላይ ነው። ባቡሩ የባሕሩን ዳርቻ ይዞ በታጠፈ ቁጥር «ቀስ! ቀስ በይ!» ይለኛል፣ ባቡሩን የምነዳው እኔ ይመስል።

ከተጋባን በኋላ ሳሎናችን የቫልቮች መፈተኛ ሆነ። ሸክላ ሳያስቀምጥ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይከፍትና ቫልቯን በእርሳስ ጫፍ መታ መታ ያደርጋታል። አንዷ ሽ ትላለች፣ አንዷ ታጉረመርማለች፣ አንዷ እንደ ደወል ታቃጭላለች። እኔ ከወጥ ቤት «ኧረ በፈጠረህ፣ ዝጋው!» እላለሁ። እሱ ይስቃል። እንዲህ ሆነን ልጆች አሳደግን፣ ዳርን። ሱቆቹ ተዘጉ፣ ጓደኞቹም አንድ በአንድ አለፉ።

ሲልቪዮ ግን አለ። ከጣሊያን በጎረምሳነቱ መጥቶ ከሜርቪን ጋር አንድ ምድብ ላይ የሠራ ሰው ነው፤ ሚስቱ ጁዲታ ከሞተች ወዲህ እሑድ እሑድ ምሳ እኛ ጋ ይበላል። ባለፈው መጸው አንድ እሑድ፣ ሸክላው የሚሰማበትን ማጉያ በፎጣ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ሸክላም በብብቱ ይዞ መጣ።

«ታማለች» አለ። «የጁዲታን ሸክላዎች ልሰማ ስል ታቃስታለች።»

«ያረጀችው ቫልቭ ናት፤ እኔ አለሁ አይደል?» አለ ሜርቪን፣ እጁን እያፋተገ። ሳጥኑን አወጣ፣ አንዷን ሰካ፣ እስክትሞቅ ጠበቀና ድምፁን ከፈተው።

ሳሎኑ የጋለ ዘይት ላይ ውሃ የፈሰሰ ያህል ተንጫጫ። ሜርቪን ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ። «አያችሁ? ጸጥ ያለ ቤተ ክርስቲያን ናት።»

ሲልቪዮ እኔን አየኝ። እኔም እሱን።

ሁለተኛዋን ሰካ፤ ባሰች። በእርሳሱ ሲነካት ስፒከሩ ቅንንን ብሎ ጥርሴን አፋጨው። «ይቺማ ትበልጣለች» አለ ሜርቪን። ሲልቪዮ «ጥሩ ናት፣ ጥሩ» ብሎ ሻዩ ውስጥ ተደበቀ።

እኛ የደበቅነውን ውሻችን አልደበቀችም። ምንጣፉ ላይ ተኝታ የነበረችው ተነሣች፣ ጆሮዋን አጣብቃ፣ ጅራቷን ወሽቃ ወጥታ ሄደች። ሜርቪን በዓይኑ ተከተላት። ከዚያ ፊታችንን አየ።

«ኤቪስ፣ ድምፅ አለ እንዴ?» አለኝ።

የሻዩን ሲኒዎች መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ኤቪስ!»

«አለ።»

«ብዙ?»

«ቋሊማ የሚጠበስ ይመስላል።»

እርሳሱን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እንጃ። የሻይ ማንቆርቆሪያው እያፏጨ ዝም ማለት ከጀመርክ ቆይተሃል። እኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ባልነት መስሎኝ» አለ ሲልቪዮ።

ሜርቪን ሳቅ አለ። ግን ሳቁ ሳያልቅ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ሲልቪዮ ማጉያውን መልሶ ሊጠቀልል ፎጣውን ሲያነሳ «ቁጭ በል አንተ!» ብዬው ተከትዬ ወጣሁ።

ሎሚው ዛፍ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። እናቱ የሞተች ቀን እንዲህ ነበር የቆመው።

«አምና የመረጥኩላቸው ሰዎች ሁሉ ቤታቸው ሽ እያለ ነው ማለት ነው» አለኝ።

«አንድም ሰው አላማረረም።»

«አዝነውልኝ ነዋ! ይኼ አይብስም? ሳጥኑን ለሲልቪዮ ስጪው፤ በቃኝ።»

«ለሲልቪዮ? ቫልቭና ሽንኩርት ለማይለይ ሰው? ና ግባ። እኔ እሰማልሃለሁ።»

ዞሮ አየኝ። «አንቺ? ዕድሜሽን ሙሉ ‹ዝጋው› ስትዪኝ የኖርሽው ሴትዮ?»

«ዝጋው የምልህ የትኛዋ ስትጮኽ ነው? መጥፎዋ አይደለችም? ጥሩዋን ስትሰካ ተናግሬ አውቃለሁ?»

የድሮዎቹን ቫልቮች በሐሳቡ ወደ ኋላ እየቆጠረ ይመስላል። «ተናግረሽ አታውቂም» አለ በመጨረሻ። እጁን ያዝኩት፤ ገባን።

የሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ለካ የሱ አካል የቀረፀው ጎድጓዳ አለው። እሱ ይሰካል፣ እኔ እናገራለሁ።

«አትቸኩዪ፣ ትሙቅ። አሁንስ?»

«ቆርቆሮ ላይ ዝናብ።»

«ወደ ግራ፣ ከመጥፎዎቹ ጋር። ይቺስ?»

«ከሩቅ የጭነት መኪና ዳገት ይወጣል።»

«አውቃታለሁ እሷን፣ ድሮም ታጉረመርም ነበር!» አለ፤ ፊቱ ትንሽ ፈካ።

ከብዙ መሰካትና መንቀል በኋላ ጽሑፏ የጠፋ አንዲት አሮጊት ቫልቭ ገባች። ጠበቅን። በእርሳሱ ነካት፤ ድብ አለችና በቃ፣ ጸጥ።

«እሺ?»

«ምንም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የሲልቪዮ አፍንጫ ብቻ ነው የሚሰማኝ።»

«ጸጥታ ብቻ አይበቃም» አለ። «አንዳንዷ ዝም ትልና ድምፁንም እንደ ቋንጣ ታደርቀዋለች። ሲልቪዮ፣ ሸክላ አምጣ።»

ሲልቪዮ ጁዲታ የምትወደውን ሸክላ አስቀመጠ። ዘፋኟ ልትጀምር ስትል ትንፋሽ ስትስብ ሰማኋት፤ እዚያው ክፍላችን ውስጥ የቆመች ያህል። ከዚያ ድምጿ ወጣ፣ ሞቅ ብሎ፣ ሳይቸኩል። ሲልቪዮ ፎጣውን ፊቱ ላይ አደረገ።

«ትንፋሿ ይሰማል?» አለኝ ሜርቪን በሹክሹክታ።

«ይሰማል። አንተስ ምን ትሰማለህ?»

«ወፍራም ወፍራሙን። ቀጭን ቀጭኑን አስታውሰዋለሁ።»

በማግስቱ ስልኩን ይዞ አምና ለመረጠላቸው ሁሉ ደወለ። «ጆሮዬ ከድቶኛል፤ ማጉያችሁን ይዛችሁ ኑ፣ እንደገና እናየዋለን» አለ፣ ሳያፍር። መጡ፤ አንዳንዶቹም ኬክ ይዘው። እኔም የጆሮ ሐኪም ዘንድ ጎትቼ ወስጄው መስሚያ ተደርጎለታል፤ የማንቆርቆሪያው ፉጨት እንደ ምላጭ ነው ብሎ ያማርራል፣ የልጅ ልጆቹ ሲመጡ ግን ሳይነገረው ያደርገዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ይመጣል። ሜርቪን በዓይኑና በጣቱ ይመርጣል፣ እኔ እሰማለሁ፤ መስሚያው ራሱ ሽ ስለሚል ለቫልቭ አያምነውም። አንዳንዴ እንጣላለን፤ እሱ «ትንሽ ሽ ማለት አይጎዳም» ሲል እኔ ንቀላት እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ከኪያማ የመጣ ሰው፣ ምርጫችንን ሰምቶ ሲያበቃ፣ የሜርቪንን እጅ ሊጨብጥ ተነሣ። ሜርቪን በእጁ ወደ እኔ አመለከተው። ሰውዬው መጥቶ ጨበጠኝ፤ ሜርቪንም ሻይ ሊያፈላ ወደ ወጥ ቤት ገባ።