ሲስተሙ "መብራት አለ" ይላል

ሲሞን ሁለተኛውን የፈላ ውሃ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ ወደ ማስፈልፈያው ሳጥን ሲያስገባ፣ ሎሚ ከቴርሞሜትሩ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ሠላሳ አምስት ይላል። ከአንድ ሰዓት በፊት ሠላሳ ሰባት ተኩል ነበር።

"በሩን ቶሎ ዝጋው እንጂ! ሙቀቱን እያስወጣህብኝ ነው።"

"እጄን በምን በኩል ላስገባ ታዲያ? በጣሪያ?" አለ ሲሞን። ባሏ ሌሊቱን የቡና መጋዘን ሲጠብቅ አድሮ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ነው ከሰል ያቀጣጠለው።

ሳጥኑ ውስጥ መቶ ሃያ እንቁላሎች አሉ። ዛሬ ሃያኛ ቀናቸው ነው፤ ነገ ጫጩት መሆን አለባቸው። ጆሮውን ያስጠጋ ሰው የአንዳንዶቹን ድምፅ ከቅርፊቱ ውስጥ ይሰማል። እንቁላሎቹ የሎሚ አይደሉም፣ የእኩል ናቸው። ስምንት ሴቶች ከየዶሮዎቻቸው ሥር ሰብስበው አመጡላት፤ ከሚፈለፈለው ግማሹ ለባለቤቲቱ፣ ግማሹ ለሎሚ። ነገር እንዳይመጣ ሎሚ በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ የባለቤቱን ስም በእርሳስ ጽፋለች፤ ማናልሞሽ፣ ትዝታ፣ ሰርካዲስ። አሥራ አምስቱ ከቱም ከተማ ድረስ በጭድ ታሽገው በመኪና የመጡ የእህቷ ናቸው። የመጀመሪያው ዙር መንደሩ በሙሉ መብራት ጠፍቶበት ተበላሽቷል። ያን ጊዜ ሰርካዲስ "ዶሮዬ ራሷ ብትታቀፋቸው ኖሮ" ብላ ሄደች። ይህኛውም ከተበላሸ እንኳን ለማስፈልፈል፣ ለመጥበስ የሚሆን እንቁላል እንኳ የሚያምናት ሴት አይኖርም።

ዛሬ ግን መንደሩ መብራት አለው። የጠፋው የሎሚ ቤት ብቻ ነው። ከአራት ወር በፊት የተተከለው ነጩ ስማርት ቆጣሪ በረንዳው ላይ ተሰቅሎ ቀይ ዓይኑን ያርገበግባል፤ በመስኮቱ ላይ አራት መቶ አሥራ ሁለት ብር ቀሪ ሂሳብ ይነበባል። ሎሚ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ መብራት አገልግሎቱ ደወለች።

"እህቴ፣ ከዚህ ሲታይ ቤትሽ መብራት አለ" አለቻት ስልኩን ያነሣችው ልጅ።

"ቤቴ ውስጥ ቆሜ ነው እኮ የማወራሽ! የለም!"

"ሲስተሙ አለ ይላል። ስለዚህ ብልሽት ብዬ ልመዘግበው አልችልም።"

"እንግዲያው ሲስተሙ ይምጣና እንቁላሌን ይታቀፍልኝ!"

ስልኩ ተዘጋ። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ አራት ተኩል ላይ ነው። ሳጥኑን ተሸክመው ወደ ሌላ ቤት ሊወስዱት አይችሉም፤ አናጺው የገጣጠመው እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው፤ በበሩ አይወጣም። ይህን ያሰበ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም።

"ወደ ጋሽ ሸዋንግዛው ሂጂ፤ ገመዳችን የሚደርሰው እሳቸው ቤት ብቻ ነው" አለ ሲሞን።

"ሞቼ ነው የምሄደው።"

"አንቺ አትሞቺም። የሚሞቱት እነዚህ ናቸው" ብሎ በጣቱ ወደ ሳጥኑ አመለከተ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ግቢያቸው ከሎሚ ግቢ ጋር በአጥር ይዋሰናል። ስማርት ቆጣሪው ወደ ሰፈሩ ሲመጣ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ የድሮው ይበቃኛል" ብለው አሻፈረኝ ያሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የመንደሩ የልማት ኮሚቴ ጸሐፊ ሎሚ ናት። በስብሰባ ተነሥታ "በአንድ ሰው ግትርነት መንደሩ ወደ ኋላ አይቀርም" አለች፤ ሰው አጨበጨበላት። በማግስቱም የእሳቸው ቆጣሪ በግድ ይቀየር የሚለውን ደብዳቤ በገዛ እጇ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሰላምታ የለም።

በዝናቡ ነጠላዋን ተከናንባ ስትደርስ ሽማግሌው በረንዳ ላይ የዣንጥላ ሽቦ ያቃናሉ። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ያ ጥቁር ቆጣሪ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ዲስኩ ቀስ እያለ ይዞራል።

"እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ሸዋንግዛው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። የልማት ኮሚቴው ዛሬ በእግሩ መጣ?"

ሎሚ ነጠላዋን ከራሷ አወረደች። "ቆጣሪዬ ቆመ።"

እንዲስቁ ጠበቀች። አልሳቁም።

"ሂሳብ አልቆብሽ ይሆናላ።"

"አላለቀም። ደወልኩ፤ መብራት አለሽ ይሉኛል።"

"እንቁላሉ ስንት ቀኑ ነው?"

"ሃያ።"

ዣንጥላውን አስቀመጡት። "ከቤት ወደ ቤት መስመር መዘርጋት ክልክል መሆኑን ታውቂያለሽ? እኔ ላይ ደግሞ ሰበብ ነው የሚፈልጉት። አንድ ማስጠንቀቂያ አለብኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ማወቅሽን ላውቅ ብዬ ነው። በይ ገመድ አምጪ። የምሰጠው ለጫጩቶቹ ነው፤ ለአንቺ እንዳይመስልሽ።"

ገመዱ በአጥሩ ላይ አልፎ፣ በመስኮት ገብቶ፣ የሳጥኑ አምፖሎች ቦግ ሲሉ ሎሚ እንባዋ መጣ። ሠላሳ አምስት። ሠላሳ ስድስት። ሲሞን ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ቴርሞሜትሩን እንደ ራዲዮ ዜና ያነብላት ጀመር።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ የሞተር ሳይክል ድምፅ ከበራቸው ላይ ቆመ።

ቤኪ ነበር፣ የመብራቱ ቴክኒሻን። ከኋላው ወንበር ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ካርቶን አስሯል። ሎሚ እየሮጠች ወጣች።

"ተባረክ! እኔ ዘንድ ነዋ የመጣኸው?"

"አይ፣ እትዬ ሎሚ፤ ቲቸር ዘንድ ነኝ" አለ ቤኪ። ጋሽ ሸዋንግዛው አስተምረውታል። "ግን የእርስዎንም ልየው።"

በረንዳው ላይ ቆሞ ታብሌቱን ነካካ። ቆጣሪውን አየ፣ ታብሌቱን አየ፣ ጨለማውን ሳሎን አየ።

"በርቷል ነው የሚለው። የብልሽት ትዕዛዝ ካልወጣ ማኅተሙን መንካት አልችልም፤ ከሥራ ያባርሩኛል።"

"በዓይንህ አይተህም?"

"ዓይኔን ማን ይመዘግበዋል?" አለና ዞር ሲል ገመዱን አየው። በዓይኑ ተከትሎት እስከ አጥሩ ሄደ። በአጥሩ ማዶ ጋሽ ሸዋንግዛው ቆመዋል።

"ቲቸር፣ ይህን ባላየው ይሻለኝ ነበር።"

"አይተኸዋል እንግዲህ። የዘረጋሁት እኔ ነኝ" አሉ።

ቤኪ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። ሎሚ የራሷን የእጅ ጽሑፍ ከሩቁ አወቀችው፤ ከሥሩ የራሷ ፊርማ አለ። ፊቷ በኀፍረት ጋለ።

"ትዕዛዙ የቲቸርን ቆጣሪ እንድቀይር ነው" አለ ቤኪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ባለቤቱ እንቢ ካለ ኮሚቴው ምስክር ሆኖ ይፈርማል። እትዬ ሎሚ፣ እርስዎ ይፈርሙልኝና ገመዱን ያንሡት፤ እኔም አላየሁም።"

"ከዚያስ? ቀይረህ ስትጨርስ መልሰን እንቀጥለው?"

"አዲሱ ወደ ሌላ ቤት የሚሄድ መስመር ካገኘ ራሱ ይቆልፋል። ያውቃል።"

"ይህ ጨለማ ቤት ውስጥ 'መብራት አለ' የሚለው ነው ይህን የሚያውቀው?" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው።

 ዝናቡ ካርቶኑ ላይ ይንጠባጠባል።

"ካልፈረምኩስ?" አለች ሎሚ።

"ምክንያቱን ጽፈው ይሰጡኛል። ምክንያቱ ከተጻፈ ግን ገመዱም ይጻፋል። በቲቸር ስም ከሆነ ማስጠንቀቂያ ስላለባቸው አሁኑኑ ነው የምቆርጠው። በእርስዎ ስም ከሆነ የሃያ አራት ሰዓት ጊዜ እሰጥዎታለሁ። ግን የእርስዎ መስመር ሦስት ወር ይታገዳል። ብልሽት ቢሆንም ባይሆንም እስከዚያ ማንም አይነካልዎትም። ወረቀቱም ለኮሚቴው ይነበባል።"

ሃያ አራት ሰዓት ለጫጩቶቹ ይበቃል። ሦስት ወር ግን ያለ መብራት፣ ያለ ማስፈልፈያ፣ የክረምቱን ገበያ ሁሉ ባዶ ሳጥን ታቅፎ መቀመጥ ነው። ደግሞም ያ ያጨበጨበላት ስብሰባ ፊት ወረቀቱ ሲነበብ! ሎሚ ፈራች። አፈረችም፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ኀፍረቱ ባሰባት።

"በእኔ ስም ጻፈው" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። "እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ በፋኖስም እኖራለሁ።"

"እንዴ፣ ይቆረጣል እኮ!" አለች ሎሚ።

"እንግዲያው ምን ላድርግሽ? ሌላ ያለኝ ነገር የለም።"

ሲሞን ከመስኮቱ ብቅ አለ። ምን እንደሚባል አልሰማም፤ ፊቱ በራ ብሏል።

"ሎሚ! አንዷ ቀደመች፤ ቅርፊቷን ሰብራ አፏን አወጣች!"

"የማን ናት?"

ሲሞን ወደ ውስጥ ገባና ተመለሰ። "ሰርካዲስ ይላል።"

ሎሚ ሳታስበው ሣቅ አመለጣት። ወረቀቱን ከቤኪ እጅ ወሰደች፣ ገለበጠችው፣ በባዶው ገጽ በኩል ጉልበቷ ላይ አስደገፈችው። ከጆሮዋ ጀርባ እንቁላል ላይ የምትጽፍበትን አጭር እርሳስ መዘዘች።

"በእርሳስ አይሆንም፣ እትዬ" አለ ቤኪ። "የሚጠፋ ነገር አይቀበሉኝም።"

ሎሚ እርሳሱን መልሳ ሰካችና እጇን ዘረጋች። ቤኪ እስክሪብቶውን ሰጣት።

"ቆጣሪዬ ስለቆመ ገመዱን ለምኜ ያስዘረጋሁት እኔ ነኝ። የአቶ ሸዋንግዛው ቆጣሪ ባለበት ይቆይ" ብላ ጻፈች። ከሥሩ ሙሉ ስሟን አኖረች። ለቤኪ ልትመልስለት ስትል እንደገና ወደ ራሷ ሳበችው፤ ከስሟም ጎን "የመንደሩ የልማት ኮሚቴ ጸሐፊ" የሚለውን ጨመረችበት።